መልስ፦ ከልጆች ጋር ፍሎረንስ ወይስ ኪያንቲ?

እህቴ፣ ጣሊያን ውስጥ ልጆች ይዘን ፍሎረንስ ከተማ እንረፍ ወይስ አጠገቡ ያለው ኪያንቲ ገጠር ብለሽ ለጠየቅሽው፣ በኔ ሐሳብ ገጠሩ ይሻላል። ፍሎረንስን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። እዚያ ያለው ኡፊዚ የሥዕል ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ግን መግቢያው ነፃ ነው።

ኪያንቲ ውስጥ አግሪቱሪዝሞ የሚባሉ የገበሬ ማረፊያዎች አሉ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ እናንተ ወይኑን እዚያው በተጠመቀበት ትቀምሳላችሁ። ጠርሙሱ አንገት ላይ የጥቁር አውራ ዶሮ ምልክት ካለ ኪያንቲ ክላሲኮ የሚባለው የአካባቢው ወይን ነው፤ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ከሚባል የወይን ፍሬ ነው። ኮምጠጥ ይላል፤ ከጥብስ ሥጋ ጋር ግን አንጀት ያርሳል።

ለልጆቹ ፓፓ አል ፖሞዶሮ እዘዙላቸው። የደረቀ ዳቦ በቲማቲም፣ በበሶብላና በወይራ ዘይት እስኪላላ የበሰለ ነው፤ እንደ ገንፎ በማንኪያ ይበላል።

መኪና ከተከራያችሁ ደግሞ አደራ፣ ፍሎረንስ መሃል ይዛችሁ አትግቡ! ያለፈቃድ የገባን መኪና ካሜራ ያነሳዋል፤ ቅጣቱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።