ቀዩ ካሊፐር ይቆይ፣ መጀመሪያ ዘይቱ

አንድ የሰሚት አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ 2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለኝ። ማንዋል ነው፤ ፊቱ ዲስክ፣ ኋላው ታምቡር። እሁድ እሁድ በማለዳ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ዓባይ በረሃ እንነዳለን። ባለፈው ከጎሐ ጽዮን ስንወርድ መሃል ላይ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነና ወለሉ ድረስ ሰመጠ። በማርሽና በእጅ ፍሬን አቆምኩት። ግማሽ ሰዓት ቆመን ስንነሳ ግን ፔዳሉ ተመልሷል። መካኒኬም ፈትሾ ምንም አላገኘም። አንድ ልጅ ከሌላ መኪና የተፈታ ባለ አራት ፒስተን ቀይ ካሊፐር ከነተበሳሳ ዲስኩ ሊሸጥልኝ ነው። ያለኝ ብር ለእሱ ብቻ ነው የሚበቃው። ልግዛው?»

አትግዛው። ካሊፐር ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል ነው፤ ስምንት ፒስተን ቢኖረውም ያን ቀን አያድንህም ነበር።

ምርመራውን ራስህ ጽፈህልኛል። «ግማሽ ሰዓት ቆመን ስንነሳ ተመልሷል» ብለሃል። ዘይት የሚያፈስ ቦታ ቢኖር ፔዳሉ አይመለስም። ፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋበት ፓምፕ፣ የፍሬን ማስተሩ፣ ጎሚኒው አልቆ ቢሆን ደግሞ ከተማ ውስጥ መብራት ላይ ስትቆም ፔዳሉ ቀስ እያለ ሲወርድ ታየው ነበር። ሲግል ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ፔዳል አንድ ነገር ነው የሚናገረው፤ የፍሬን ዘይትህ ፈልቷል። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይደለም፣ ይጨመቃል። አንተ የምትረግጠው አረፋውን ነው እንጂ ፍሬኑን አይደለም። ሲቀዘቅዝ አረፋው ተመልሶ ዘይት ይሆናል። መካኒክህም በማግስቱ ምንም ቢያጣ አልፈርድበትም።

ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ሸራ ግሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር። ያኔ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ትረግጣለህ፣ መኪናው ግን አይቆምም። የሚቀጥለው ሰው ሲጽፍልኝ መጀመሪያ ይህን ይንገረኝ፤ ሰመጠ ወይስ ጠነከረ?

ያ መንገድ ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። መኪናህ ከነሰዎቹ 1,350 ኪሎ ቢሆን፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢያዝ፣ ሙቀቱ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድን መኪና ከ30 ጊዜ በላይ ቀጥ አድርጎ እንደማቆም ነው። ያውም በመሃል ሳያርፉ። ነፋሱና ሞተሩ የተወሰነውን ይወስዱልሃል። ሞተሩ ምን ያህል እንደሚወስድ ግን የሚወስነው ያስገባኸው ማርሽ ነው።

እና ዘይቱ። ክረምት ላይ ጨው እንዴት እንደሚረጥብ ታውቃለህ። የፍሬን ዘይትም እንደዚያው ነው፤ በጎማ ቱቦውና በክዳኑ በኩል ከአየር እርጥበት ይስባል። የዘይቱ ደረጃ ቆርቆሮው ላይ ዶት ተብሎ ይጻፋል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 ከመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ዝቅተኛው መስፈርት 140 ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ላይ የሚለኩ ናቸው። አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ የፍሬን ዘይትም ከፍታ ላይ ትንሽ ቀድሞ ይፈላል።

ባለፈው ወር አንዱን መኪና ከፍቼ ከኋላ ጎማው የወጣው ዘይት የጀበና አተላ ይመስል ነበር። አዲስ ዘይት የተጣራ ጠጅ ነው የሚመስለው። ባለቤቱን መቼ ቀየርከው ብለው «ይጨመርበታል» አለኝ። መጨመር መቀየር አይደለም። ውሃ የጠጣው ዘይት ያለው ታች፣ ካሊፐሩ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱም እዚያው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለጥሩ ዶት 4 ይሁን። ዶት 5.1 ብታገኝም ይሆናል። ዶት 5 የሚለውን ግን እንዳትነካ፤ እሱ ሲሊከን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ያልተከፈተ ቆርቆሮ ግዛ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግማሹ ተቀድቶ የተቀመጠውን በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ። አሮጌውን ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምረህ አስወጣ። ንጹህ ቀጭን ቱቦ፣ ከታች ጠርሙስ፣ አንድ ሰው ፔዳል ላይ። ማስተሩ ላይ ያለው ዕቃ አንዴም ባዶ እንዳይሆን፤ አየር ከገባበት ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ቀለሙን ይበላዋል፣ ወዲያው በውሃ እጠበው።

መኪናው ክሪክ ላይ ሳለ የጎማ ቱቦዎቹን እጠፋቸው። ከተሰነጣጠቁ ይቀየሩ፤ ከ20 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ስትረግጥ ያብጣል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖችም አውጣ። ያንተ ካሊፐር የሚንሸራተት ዓይነት ነው። ፒኑ ከደረቀ አንዱ ሸራ ብቻ ይሠራል፣ ያው ብቻውን ይግላል። የውስጡና የውጪው ሸራ እኩል ካላለቁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ፒኑ ላይ የሚቀባው ለፍሬን የተሠራ የሲሊከን ቅባት ነው። ተራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል። የኋላውን ታምቡር ሸራም አስጠጋው። እሱ ከራቀ ፔዳሉ ገና ሳይሠራ ግማሽ መንገድ ይወርዳል። ይህ እንግዲህ ከቅባቱና ከተሰነጠቀ ቱቦ በቀር ጉልበት እንጂ ብር አይጠይቅም።

ሁለተኛው ብር ለፊት ሸራ ነው። ሸራ ስትመርጥ ሳጥኑን ሳይሆን ራሱን ሸራውን አገላብጠው። ጠርዙ ላይ ከቁጥሮች ጋር ሁለት የላቲን ፊደላት ታገኛለህ። የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ደካማ ነው፣ ኤፍ መካከለኛ፣ ጂ ጠንካራ። ለአንተ ኤፍ ኤፍ ወይም ጂ ጂ። ኤፍ ኢ የሚለው ሲግል ይከዳሃል። በርግጥ ኮፒ የሚሠራ ሰው ፊደል ማተም አያቅተውም። እኔ ራሴ ሶማሌ ተራ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት «ኦሪጅናል» ሸራ ከብረቱ ላይ በካቻቢቴ ሲነካ ተላቆ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሳልገዛ በፊት ጠርዙን በጥፍሬ እሞክራለሁ፤ በሸራውና በብረቱ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ እመልሰዋለሁ። የውድድር ሸራ ብለው ቢያመጡልህም ይቅርብህ። እሱ ካልጋለ አይዝም፤ አንተ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሰሚት ስትወጣ ፍሬንህ በረዶ ነው።

ዲስኩን አሁኑኑ አትቀይረው፣ ለካው። ዝቅተኛው ውፍረት እዚያው ላይ ተቀርጿል። እኛ አገር ዲስክ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ቶርኖ ቤት መላክ ልማድ ሆኗል። አንዴ ቢሆን ግድ የለም። ሦስት ጊዜ የተቶረነ ዲስክ ግን ሳሳ፣ ሙቀት የሚይዝበት ብረት የለውም። ከዝቅተኛው በታች ከሆነ ያልተበሳ፣ ደህና አዲስ ዲስክ ግዛ። የተበሳሳው መልኩ ያምራል፤ እንዲህ ዓይነት ተደጋጋሚ ሙቀት ሲያገኘው ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ነው።

ቀዩን ካሊፐር ለምን ከለከልኩህ? ፒስተኖቹ ካንተው ትልቅ ከሆኑ ማስተርህ የሚገፋው ዘይት አይበቃቸውም፣ ፔዳሉ ይረዝማል። የፊትና የኋላው ሚዛንም ይዛባል፤ ፊቱ ብቻውን ይይዛል፣ ታምቡሩ ሥራ ይፈታል። ባለ 15 ቸርኬህ ውስጥም ላይገባ ይችላል፤ ያኔ ቸርኬ፣ ከዚያ ጎማ እያልክ ትቀጥላለህ። ደግሞ ጠንከር አድርገህ ስትረግጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የሚንቀጠቀጥ ወይም ጎማው የሚጎተት ከሆነ ፍሬንህ ጉልበት አላጣም። ያጣኸው ሙቀት መቻልን ነው።

አዲሱን ሸራ ሳታለማምደው ዓባይ አትውረድ። ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ፈልግ። ከ60 ወደ 15 ጠበቅ እያደረግክ አሥር ጊዜ ያህል ዝቅ በል፤ በመሃል አቀዝቅዝ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አትቁም። ሽታ ይወጣል፣ አትደንግጥ። ከዚያ ፍሬን ሳትነካ አሥር ደቂቃ ንዳ።

አወራረዱንም አስተካክል፣ ይሄም ነጻ ነው። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱን የምትወርደው፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥተው፣ የሚወርዱ አሉ። እንዳንተ ባለ ኢንጀክሽን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ ነዳጅ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ለመዞር ብቻ ይጠጣል። ስለዚህ ቁጠባም አይደለም። ፍሬኑን እንደ ሥዕል ብሩሽ አትዳብሰው፤ ጠበቅ አድርገህ ፍጥነት ቀንስና ልቀቀው፣ ይተንፍስ። ታች ስትደርስ የጋለውን ፍሬን ረግጠህ አትቁም። ደግሞ መንገዱ ላይ የጭነት መኪና፣ ከብትና ጭጋግ አለ፤ ውድድሩን ለሌላ ቦታ አቆየው።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፍ ብር ካለህ ለጎማ ነው። ጎማው ጎን ላይ በሞላላ ሳጥን የተቀረጹ አራት አሃዞች አሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ያንተን አንብበህ ላክልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።