መልስ፦ ኤክሴል ላይ ሮው (ረድፍ) ስደብቅ ክቡ ይጨፈለቃል፣ ኖቱም ፕሪንት ላይ አይወጣም

ወንድሜ የእቁቡ ሺት ላይ ያልከፈሉትን ሰዎች በቀይ ክብ ከበህ ሮው ስትደብቅ ክቡ የሚጨፈለቅብህ ኤክሴል ሲጀመር ሼፑን (የሳልከውን ቅርጽ) ከሴሎቹ (ከሳጥኖቹ) ጋር አስሮ ስለሚያስቀምጠው ነው። ክቡ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፎርማት ሼፕ፣ ከዛ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተህ «ሙቭ በት ዶንት ሳይዝ ዊዝ ሴልስ» የሚለውን ምረጥ፣ አለቀ። ከሱ ስር ያለውን፣ ክቡን ጨርሶ ከሴሎቹ ጋር የማያንቀሳቅሰውን ምርጫ እንዳትነካ፣ ሮው ስትጨምር ክቡ እዛው ይቀርና የከፈለ ሰው ስም ላይ ያርፋል፣ ከዛማ ጠብ ነው 😄። ስትስለው ሺፍት ከያዝክ ክቡ እንቁላል አይመስልም፣ አልት ከያዝክ ደግሞ ከሴሉ መስመር ጋር ልክ ይገጥማል፣ ፊሉንም (የውስጥ ቀለሙን) ኖ ፊል አድርገው አለበለዚያ ስሙን ይሸፍነዋል።

ወርድአርቱን (ያጌጠ ጽሑፍ የሚያስገባውን) ኢንሰርት ውስጥ ቴክስት ስር ታገኘዋለህ ግን እኔን ከጠየቅከኝ ለርዕስ ብቻ ይበቃል። የሚገርመው ሌላ ነገር አለ፣ አንድ ሬክታንግል ሳልና እሱን እንደመረጥክ ፎርሙላ ባሩ ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት ጽፈህ ድምሩ ያለበትን ሴል ክሊክ አድርገህ ኢንተር በል፣ ድምሩ በተቀየረ ቁጥር ሬክታንግሉ ላይ ያለው ብርም አብሮ ይቀየራል።

ኖት (ሴል ላይ የሚለጠፍ ማስታወሻ) በሺፍት ኤፍ2 ይጨመራል። ፕሪንት እንዲወጣ ፔጅ ሌይአውት፣ ፕሪንት ታይትልስ፣ እዛው ሺት ታብ ላይ «ኮመንትስ ኤንድ ኖትስ» የሚለው «ነን» ሆኖ ነው የሚመጣው፣ «አት ኤንድ ኦፍ ሺት» አድርገው። ሺቱ ላይ እንደሚታየው ይውጣ ካልክ ግን መጀመሪያ ሾው ኦል ኖትስ በል፣ ያልተከፈተ ኖት አይወጣም።