የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በሥነ ሕይወት፣ በግብርና ወይም በሥዕል ተመርቃችሁ መስክ ለመውጣት ለተነሳችሁት ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከሰብል ተባይ ጋር ነው። ተምች፣ አገዳ ቆርቁር፣ ነቀዝ። ሰው የሚጠየፈውን ትል መዳፍ ላይ አድርጎ ማየት የዚህ ሙያ ሀ ሁ ነው። በዚህ ሥራ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የቀደመችን አንዲት ሴት አለች። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ትባላለች። ያደረገችውንም ያላደረገችውንም እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

ሜሪያን በ1647 ፍራንክፈርት ተወለደች። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) አባቷ በመዳብ ላይ ሥዕል የሚቀርጽና መጻሕፍት የሚያሳትም ስመ ጥር ባለሙያ ነበር። ገና ሕፃን ሳለች ሞተ። እናቷ ዳግም ያገባችው ሰው ደግሞ አበባ በመሳል የታወቀ ሠዓሊ ነበር። ቀለም ማዘጋጀትና ብራና ላይ መሳል የተማረችው ከእሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። በዚያ ዘመን ይህ በር ለሴት ልጅ ዝግ ነበር።

በ13 ዓመቷ የሐር ትል እያሳደገች መመልከት ጀመረች። ያኔ የተማሩት ሰዎች ሳይቀሩ ነፍሳት ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራሉ ብለው ያምኑ ነበር። እሷ ግን ከእንቁላል ጀምራ ተከታተለች። ትሉ ሲፈለፈል፣ ሲበላ፣ ቆዳውን ሲጥል፣ ራሱን በድር ጠቅልሎ ሲተኛ፣ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ አየች። ከዚያ ወደ ሌሎች አባጨጓሬዎች ተሻገረች። በ1679 የመጀመሪያውን የአባጨጓሬ መጽሐፏን አሳተመች። 50 ሥዕሎች አሉት። ትሉ፣ የሚተኛበት ድር፣ ቢራቢሮውና ትሉ የሚበላው ተክል አንድ ገጽ ላይ አብረው ይታያሉ። ዛሬ ለገበሬ ማሠልጠኛ የምንለጥፈው ፖስተር አሠራሩ ይኸው ነው።

ስለ እጅ ሙያዋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ወጣቶች ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ "ሳይንሱ" መሄድ ትወዳላችሁ። ያኔ ሥዕል የሚታተመው በመዳብ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በሹል ብረት ይጫራል፣ ወይም በአሲድ ይበላል። ቀለም ይቀባና ላዩ ይወለወላል። ቀለሙ በተጫረው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ይጨመቃል። ሥዕሉ ሲታተም ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። ሜሪያን አንዳንዴ ቀለሙ ሳይደርቅ በታተመው ላይ ሌላ ወረቀት ትጭንበታለች። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሥዕሉ እንደገና ይገለበጥና እንደ መጀመሪያው ይሆናል። መስመሩም ለስለስ፣ ደብዘዝ ይላል። በላዩ በብሩሽ ቀለም ሲቀባበት ማተሚያ የነካው አይመስልም።

እናንተ ይህን ሁሉ ተማሩ አልልም። መሳል ግን ተማሩ። ስልካችሁ ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶ ግን እንድታዩ አያስገድዳችሁም። አባጨጓሬ ለመሳል ስትቀመጡ እግሩን መቁጠር ግድ ይላችኋል። ከፊት ያሉት ሦስት ጥንድ እግሮች ቀጫጭንና ባለ መገጣጠሚያ እንደሆኑ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ወፍራምና ሥጋማ እንደሆኑ ያኔ ይገባችኋል። ጥሩ ሥዕል ባይወጣችሁም ግድ የለም። ለዓይናችሁ ነው የምትሠሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሜሪያን በ1691 አምስተርዳም ገባች። ከተማዋ በቅኝ ግዛት ንግድ የበለጸገች ነበረች። ሀብታሞቹና ሐኪሞቹ ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣላቸውን ቢራቢሮ፣ ቀንድ አውጣ፣ እባብ ቤታቸው ውስጥ በየመሳቢያውና በየጠርሙሱ ይሰበስቡ ነበር። እሷም ገብታ አየች። አልረካችም። ሁሉም የሞተ ነው። ከየት መጣ፣ ምን በላ፣ እንዴት ተለወጠ ብትል መልስ የለም። ስለዚህ ሥዕሎቿን ሸጣ ገንዘብ አጠራቀመችና በ1699 ታናሽ ልጇን ዶሮቴያን ይዛ ወደ ሱሪናም ተሳፈረች። 52 ዓመቷ ነበር።

ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለች አገር ናት። ደቾች ከእንግሊዞች የወሰዷት በ1667 ነው። መሬቱ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆኗል። እርሻውን የሚያለሙት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በመርከብ ተጭነው የመጡ ባሪያዎች ናቸው፤ የአገሩ ተወላጆችም በባርነት ይያዙ ነበር። ሜሪያን ራሷ እንደጻፈችው፣ የእርሻ ባለቤቶቹ ከስኳር ሌላ ነገር ትፈልጋለች ብለው ይሳለቁባት ነበር።

ጫካው በእሾህ የታፈነ ነው። መንገድ የሚጠርጉላት መጥረቢያ የያዙ ባሪያዎች ነበሩ። ይህንንም ጽፋዋለች፤ "ባሪያዎቼ" እያለች። ትል የሚያመጡላት፣ የተክሉን ስምና ጥቅም የሚነግሯት፣ የትኛው እንደሚበላና የትኛው እንደሚገድል የሚያሳዩዋት እነሱና የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ታመመችና ካሰበችው ቀድማ በ1701 ተመለሰች። በ1705 አምስተርዳም ውስጥ 60 ሥዕሎች ያሉት ትልቅ መጽሐፍ አወጣች። በኋላ ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ ለብዙ ነፍሳት ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ሥዕሎቿን ተጠቅሟል።

ከሥዕሎቹ ውስጥ 45ኛውን ፈልጋችሁ እዩት። ቀይና ቢጫ አበባ ነው፤ ረጃጅም ቀይ ክሮቹ ከአበባው ወጥተው ይታያሉ። አረንጓዴ አባጨጓሬ አለበት፣ በላዩም ግራጫ የእሳት ራት። በጣም ያምራል። ጽሑፉ ግን ስለ ውበት አይደለም። በደች ጌቶቻቸው የሚሠቃዩት የአገሩ ተወላጅ ሴቶች ልጆቻቸው እንደ እነሱ ባሪያ እንዳይሆኑ በዚህ ተክል ዘር ጽንስ ያስወርዳሉ ትላለች። ከጊኒና ከአንጎላ የመጡት ጥቁር ሴቶችም ካልተያዙ በደኅና ልጅ አይወልዱም። አንዳንዶቹ ራሳቸውን እስከማጥፋት ይደርሳሉ፤ ሲሞቱ በገዛ አገራቸው ነፃ ሆነው እንደገና እንደሚወለዱ ያምናሉ። ይህን የሰማሁት ከራሳቸው አንደበት ነው ብላ ጽፋለች።

ይህን በመጻፏ አከብራታለሁ። በዚያ ዘመን ስለ አበባ በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ማስገባት ቀላል ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የብዙዎቹን ሥዕሎች ግርጌ ብታዩ የቀራጩ ስም አለ። ሙልደር፣ ስላውተር። አምስተርዳም ውስጥ መዳቡን የቀረጹት ባለሙያዎች ናቸው። የሙያው ደንብ ነውና ስማቸው ተጽፏል። ስለ አበባው የነገሯት ሴቶች ግን አንዳቸውም ስም የላቸውም። ስትመለስ አንዲት የአገሩ ተወላጅ ሴት ይዛ ወደ አምስተርዳም መጥታ ነበር። የእሷንም ስም አናውቅም። ስምን የመጻፍ ልማድ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ባሕር ማዶ ላሉት ሰዎች ግን አልተሠራበትም።

አበባው በአውሮፓ የአትክልት ሥፍራዎች ለጌጥ ተተከለ። የሴቶቹ ዕውቀት ግን አብሮት አልተሻገረም ማለት ይቻላል።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሥራ ጥራት ጉዳይም ነው። በ18ኛው ሥዕል ላይ ትልቅ ጸጉራም ሸረሪት ትንሿን ወፍ ሲበላ ይታያል። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሊቃውንቱ ተረት ነው ብለው አጣጣሉት። ሄንሪ ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ አማዞን ውስጥ ወፍ የያዘ ሸረሪት አይቶ በ1863 እስኪጽፍ ድረስ ብዙዎች አላመኑም። በሌላ በኩል ጭንቅላቱ ያበጠ አንድ ነፍሳት በሌሊት ያበራል ብላ ጽፋለች፤ ይህ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ማን ነገራት? ራሷ ምኑን አየች፣ ምኑን ሰማች? የነጋሪው ስም፣ ቦታውና ቀኑ በየገጹ ተጽፎ ቢሆን ያ ሁሉ ክርክር ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ደግሞ "ዘመኑ ነው" ብለን እንዳናልፈው የሚያደርግ ሌላ ሰው አለ። ሜሪያን በ1680ዎቹ ፍራንክፈርት ስትኖር በዚያው ከተማ ኢዮብ ሉዶልፍ ይኖር ነበር። ሉዶልፍ የእኛን አገር ታሪክና ቋንቋ ለአውሮፓ ያስተዋወቀ ሊቅ ነው። አማርኛ ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሮም ላይ በ1649 ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ መጥተው ጎታ ላይ አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ ይህን የነገሩኝ ጎርጎርዮስ ናቸው እያለ በስማቸው ይጠቅሳቸዋል። ምስላቸውንም አሳትሟል። እሳቸው በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞባቸው ሞቱ። ስማቸው ግን ይኸው ዛሬም አለ። እርግጥ ነው፣ አባ ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን ግብዣ የመጡ የተማሩ ካህን ነበሩ። የሱሪናም ሴቶች በሰንሰለት ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለዚህ ነው የተማረውንና የተከበረውን ስም መጻፍ ብቻ በቂ የማይሆነው።

እኔ ስለ ተምች ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ብዙ ነገር የነገሩኝ ገበሬዎች ናቸው። የትኛውን ሣር አስቀድሞ እንደሚበላ፣ ከየትኛው ዝናብ በኋላ እንደሚመጣ። የዘር አመራረጥ ደግሞ ከሴቶቹ ነው የሚገኘው፤ ባልየው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያወራችሁ እሷ ጎተራው ጋ ናት። ወደ ጎተራው ሂዱ። አገራችን የማኅበረሰብን ዕውቀት መብት የሚያስከብር ሕግ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት። ሕጉ የሚያወራው ስለ ማኅበረሰብ ነው። እዚያ ጎተራ በር ላይ የቆመችውን ሴት በስሟ መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው።

ማስታወሻ ደብተራችሁን እንዲህ ክፈሉት፦ በአንድ በኩል ራሴ ያየሁት፣ በሌላ በኩል የተነገረኝ። በተነገረኝ በኩል የሰውየው ወይም የሴትዮዋ ሙሉ ስም፣ ቀበሌው፣ ቀኑ ይጻፍ። መጀመሪያ ግን አስፈቅዱ። ስሜን አትጻፉ የሚል ካለ፣ ምክንያት ይኖረዋልና አትከራከሩት፤ ስሙን እንዳይጻፍ መፈለጉን ብቻ መዝግቡ። የመድኃኒት ተክል ነገር ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ። አዋቂው ያልፈቀደውን ቅጠል ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ እንዳትለቁት። ጥናቱ ሲወጣ ምስጋናው "የአካባቢው ነዋሪዎች" በሚል አንድ ቃል እንዳይታለፍ አማካሪያችሁን ተሟገቱ። ቦታ የለም ካሏችሁ የራሳችሁን አንቀጽ አሳጥሩ። የታተመውንም አንድ ቅጂ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ አጠር አድርጋችሁ አዘጋጁና ሰዎቹ ዘንድ አድርሱ፤ ስማቸው ያለበትን ገጽ ራሳችሁ ገልጣችሁ አሳዩዋቸው፤ የተሳሳተ ነገር ካለም ያኔ ይነግሯችኋል።