ሻል ሲላቸው መድኃኒት የሚያቆሙትን በሥዕል ማስጨረስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ (ጀርም የሚገድል መድኃኒት) ስሰጥ "እንዳታቋርጡ" እላለሁ፣ እሺ ይሉኛል፤ በሦስተኛው ቀን ሻል ሲላቸው ያቆማሉ። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡታል፣ ወይ ለጎረቤት ይሰጡታል። ማንበብ የማይችሉ ብዙ ናቸው፣ ከሲዳምኛ ሌላ የማይሰሙም አሉ። ግድግዳው ላይ ሥዕል ብለጥፍ ይጠቅማል?

መልስ፦ ሥዕሉ ይጠቅማል፣ ግድግዳው ግን ይቅርብሽ። ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው ቤቱ ሆኖ ትኩሳቱ ሲለቀው ነው፣ ያኔ ያንቺን ግድግዳ አያየውም። የኪኒኑ ፖስታ ላይ ሳይው።

500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን ከታዘዘ 21 ፍሬ ነው። 7 መስመር፣ በየመስመሩ 3 ክብ አድርጊ፤ በዋጠ ቁጥር አንዱን ያጠቁር፣ እስክሪብቶ ከሌለ ከሰልም ይሆናል። ሦስተኛው መስመር ጎን ደግሞ ተሽሎት ከአልጋው የተነሳ፣ ኪኒኑ ግን አሁንም እጁ ላይ ያለ ሰው ሳይ። ለእኔ ዋናው ሥዕል ይኼ ነው። ቀንድ ያለው ጀርም የሚስሉ አሉ፤ ልጆች ይስቁበታል፣ በቃ። ለሁሉም ሰው ግን 7 መስመር አታትሚ፣ 3 ወይም 5 ቀን የሚታዘዝ አለ፣ ቀኑን የሚወስነው ማዘዣው ነው።

ሰዓቱ ንጋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ይሆናል። ጨረቃ ብትስይ "በወር አንዴ" ብሎ የሚረዳሽ ሊኖር ስለሚችል ለማታው አልጋ ይሻላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደግሞ ሥዕልን የግድ ከግራ ወደ ቀኝ አያነብም። ስለዚህ ከማባዛትሽ በፊት ለደንበኞችሽ አሳያቸው፤ "ገባችሁ?" ብለሽ ግን አትጠይቂ፣ ያልገባውም ገባኝ ነው የሚልሽ። "ይኼ ምን አድርጉ ይላል?" በያቸውና ዝም ብለሽ ስሚ። ሲዳምኛ የሚችል ባልደረባ ካለሽ እሱ ይጠይቅልሽ።

በጾም የጠዋቷ ክብ ባዶ ትቀራለች። ስትሰጪ "ይጾማሉ?" በይ፤ ከሆነ ያዘዘው ሐኪም በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ የሚወሰድ ካለ ይይለት እንጂ ሰዓቱን በራስሽ አታሸጋሽጊ።

የጎረቤቱን ነገር በተመለከተ፣ የአሞክሳሲሊን ወገን የሆነውን ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ገና በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ንግግሩ ላይ ምሳሌ ሰጥቶበታል፦ ጉሮሮውን ያመመው ሰው ራሱ ገዝቶ ትንሽ ይወስዳል፣ ጀርሞቹ ሳይሞቱ መድኃኒቱን ይለምዱታል፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ይተላለፉና እሷን ፔኒሲሊን ሳያድናት ይቀራል። ይኼን በቃል ንገሪያቸው፣ ለፖስታው ይረዝማል።

አንድ ሥዕል ግን ከታች አይቅር፦ ሽፍታ የወጣበት ወይም ፊቱ ያበጠ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ። "እንዳታቋርጡ" ብቻ ብለሽ ከላክሻቸው ሰውነታቸው እየተቆጣም የሚውጡ አይጠፉም።