ከባይዛንታይን አትጀምሩ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ጻፈልኝ። «መምህር፣ ታሪክ ያለበት የስትራቴጂ ጌም መጀመር ፈልጌ ነበር። ከየትኛው ልነሳ?» ይላል። ጥያቄው አጭር ነው። እኔ ላይ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ነው ያስተማርኩት። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ደግሞ የባይዛንታይንን፣ ማለትም መዲናው ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) የነበረውን የምሥራቅ ሮማ መንግሥት፣ መጨረሻ ነው። ሰሌዳው ላይ የቁስጥንጥንያን ግንብ በጠመኔ እስላለሁ። ወርቃማው ቀንድ የተባለውን ወደብ የዘጋውን ሰንሰለት አክልበታለሁ። ከዚያ የኦቶማን ቱርኮች ሱልጣን ዳግማዊ መህመድ መርከቦቹን በየብስ አስጎትቶ ሰንሰለቱን እንዴት እንዳለፈው እነግራቸዋለሁ። «መርከብ በመሬት ላይ?» ብሎ የሚጮህ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ያን ጩኸት እወደው ነበር።

ይህን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 የሚባለውን፣ አንድ አገር ይዘው የሚመሩበትን ጌም ኮምፒውተሬ ላይ ጫነልኝ። «ይሄ ላንተ የተሠራ ነው» አለኝ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ኖቬምበር 11 ቀን 1444 ነው፤ የቫርና ጦርነት በተደረገ ማግስት። ኦቶማኖች የመስቀል ጦረኞቹን የደመሰሱበት፣ ቁስጥንጥንያ ከምዕራብ የምትጠብቀው ተስፋ የተቀበረበት ጦርነት ነው። ቀኑን ሳየው ልቤ ዘለለ። ቁስጥንጥንያ ልትወድቅ ዘጠኝ ዓመት እንኳ አልቀራትም! ሳላመነታ ባይዛንታይንን ያዝኩ።

ካርታው ላይ የቀረችኝ ቁስጥንጥንያና ከግሪክ ደቡብ ያለችው ሞሪያ ናቸው። ዙሪያዬን ኦቶማን ነው። ከላይ ምልክት በምልክት የተደረደረ ረድፍ አለ፤ ገንዘብ፣ የሰው ኃይል፣ መረጋጋት፣ ሌላም ሌላም። አንዱን ስነካ አዲስ መስኮት ይከፈታል። በዚያ ውስጥ ሌላ መስኮት። ይህን ሳይ ቀኑ መሮጥ ጀምሯል። ብድር ወሰድኩ፤ ለምን እንደወሰድኩ ግን አላወቅኩም። ጦር አቆምኩ፤ ደሞዙ ካዝናዬን ባዶ አደረገው። ከዚያ ኦቶማን ጦርነት አወጀ፤ ከተማዋም ወደቀች።

በ1453 የሆነውን ከነምክንያቱ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴ ቁስጥንጥንያ ለምን እንደወደቀች ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አልቻልኩም። «በቃ፣ የኔ ነገር አይደለም» ብዬ ዘጋሁት። ለዓመታት ዞር ብዬ አላየሁትም።

የሚቆጨኝ ያ ያለፈው ጊዜ ነው። ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ኋላ ስፔን ስለሆኑት ስለ ካስቲልና አራጎን መንግሥታት ጥምረት ሲከራከሩ እሰማ ነበር። ከመጽሐፍ ያነበቡት አይደለም፤ ተጫውተውት ነው። አጠገባቸው ቆሜ፣ ከማንም በላይ የማውቀው ጉዳይ ላይ፣ ጨዋታው ውስጥ መግባት አቃተኝ።

ብዙ ቆይቶ ሌላ ወዳጄ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን አሳየኝ። መጀመሪያ የወጣው በ1999 ነው፤ እኔ የያዝኩት በ2019 የታደሰውን ነው። እንግሊዝን የተዋጋው የስኮትላንዱ ዊልያም ዋላስ ዘመቻ፣ ማለትም በተከታታይ ክፍሎች የሚጫወቱት ታሪኩ፣ የተሠራው ለጀማሪ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ወታደር ማንቀሳቀስና መዋጋት ብቻ ያስተምራል። በሚቀጥለው ሠራዊቱን መመገብ ይመጣል። አንዱን ሳትይዙ ሌላው አይመጣም። መጨረሻው የፎልከርክ ጦርነት ነው። በታሪክ፣ በ1298፣ ዋላስ እዚያ ተሸንፏል፤ በጌሙ ግን እናንተ ታሸንፋላችሁ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ይህ ትንሽ ያመኛል፤ ደግነቱ ልጆች ሄደው እውነቱን ይፈትሹታል።

እዚህ ጌም ውስጥም ተሸነፍኩ። ግን ለምን እንደተሸነፍኩ አየሁት። ምግብ አልቆ አዲስ ሠራተኛ ማውጣት አቁሜ ነበር። ወይም ቤት አልሠራሁም፤ አንድ ቤት የሚችለው አምስት ሰው ነው፣ ቤት ከሌለ ወታደር አይወጣም። ሥራ ፈትቶ የቆመ ሠራተኛ ካለም የሚያሳይ ምልክት ስክሪኑ ላይ አለ። ለጀማሪ ጌም ስትመርጡ እኔ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው፦ ስትሸነፉ ምክንያቱን ታዩታላችሁ? ካላያችሁ፣ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ለጊዜው ይቅር።

ጥድፊያ የማትወዱ ደግሞ ሲቪላይዜሽን 6ን ሞክሩ። በ2016 የወጣ ነው። ተራ በተራ ስለሆነ እናንተ እስክትጨርሱ ዓለም ይጠብቃችኋል። የምትጀምሩት በአንድ ሰፋሪና በአንድ ተዋጊ ነው። ክሩሴደር ኪንግስ 3ም ውስብስብ ቢሆንም መማሪያው ጥሩ ነው፤ አየርላንድ ውስጥ በአንድ ትንሽ ንጉሥ ይጀምራል፣ የማታውቁት ቃል ላይ ማውሱን ስታሳርፉ ያብራራላችኋል።

ስለ ዘንድሮ ወጣቶች አንድ ነገር ልበል። ትዕግሥት የላቸውም የሚለውን አልቀበልም። አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሦስቴ ደጋግመው የሚያዩ ልጆች አውቃለሁ። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፤ መሸነፍን ትፈራላችሁ። አንድ ጨዋታ ሳትጫወቱ ሌላ ሰው ምን ቀድሞ ምን አስከትሎ እንደሚሠራ በቃላችሁ ይዛችሁ፣ በቀጥታ ኦንላይን ከማታውቁት ሰው ጋር ትገጥማላችሁ። ከዚያ ተሸንፋችሁ ትተዋላችሁ። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር፣ በቀላሉ ደረጃ፣ ማንም ሳያያችሁ ተሸነፉ።

የምትወዱትን ዘመን ተከትላችሁ አትምረጡ ልል ነበር የተነሳሁት። አሁን ስጽፈው ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያኔ ባይዛንታይንን ባልወድ ኖሮ ያንን ጌም ጭራሽ አልከፍተውም ነበር። እንግዲያው ዘመኑን ውደዱ፤ ቀላሉን በር ግን ፈልጉ። ለጃፓን ታሪክ ልባችሁ የሚሸፍት ከሆነ ቶታል ዋር፦ ሾገን 2 አለ። አንድ አገር፣ አንድ ዘመን ነው፤ ካርታው አይበትናችሁም።

ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ጋ ስትደርሱ ደግሞ ኦቶማንን ያዙ። ሀብቱም ሠራዊቱም አለው፤ ስህተት ብትሠሩ የምትነሱበት ጊዜ ይሰጣችኋል። ፖርቹጋልም ጥሩ ናት፤ አውሮፓ ውስጥ ጎረቤቷ ካስቲል ብቻ ስለሆነች ፊታችሁን ወደ ባሕሩ ማዞር ትችላላችሁ። ሰዓቱን በስፔስ ቁልፍ እያቆማችሁ እያንዳንዱን ምልክት አንብቡ። ባይዛንታይን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ጨዋታ ይቆይላችሁ።