ሰኞ ጠዋት ሲሆን ሆዱን ያመዋል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ 8ኛ ክፍል ነው። እስከ አምና ጎበዝ ተማሪ ነበር። ከጥር ወዲህ ግን ትምህርት ቤት መሄድ አቁሟል ማለት ይቻላል። እሑድ ማታ ዝም ይላል፣ እራቱንም አይበላም። ሰኞ ጠዋት ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ሰርቪሱ ክላክስ ሲያደርግ ሽንት ቤት ገብቶ ይቆልፋል። ሰርቪሱ ሄዶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደህና ይሆናል። ሦስት ክሊኒክ ወስጄዋለሁ። አንዱ ጨጓራ ነው አለ፣ አንዱ ታይፎይድ፣ ሦስተኛው ምንም የለበትም አለኝ። በመጨረሻ አንድ የአእምሮ ሐኪም አይተውት ከባድ ጭንቀት ነው ብለው መድኃኒት ከጀመሩለት ሁለት ሳምንት ሆነው። አባቱ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይለኛል፣ አንድ ቀንም በቀበቶ መታው። እናቴ ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ይግባ ትላለች። ለትምህርት ቤቱ ታይፎይድ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ሚኒስትሪውም እየደረሰ ነው። ልተወው ወይስ ላስገድደው?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሆዱ። እውነት ነው ያመዋል። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመጣላት ይዘጋጃል። ልብ ይመታል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሆድ ሥራውን ይተዋል። ማቅለሽለሹ ከዚያ ነው። ሰርቪሱ ሲሄድ የሚሻለው ሲያስመስል ስለነበረ አይደለም፤ የፈራው ነገር ስለራቀለት ነው። ከክፍል የሚፎርፍ ልጅ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይወጣና ሌላ ቦታ ይውላል፣ አንቺም የምትሰሚው ወላጅ አምጣ ሲባል ነው። ያንቺ ልጅ ግን ቤት ነው ያለው፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ሁለቱ አይገናኙም፤ ይህን ለባልሽም ንገሪው። በቀበቶ የተመታ ቀን ልጁ የሚፈራው ቦታ ሁለት ሆነ።

ግን ደግሞ እዚህ ጋ አንቺንም ቆንጠጥ ላደርግሽ ነው። በቀረ ቁጥር እፎይ ይላል፤ አንጎሉም «አየህ፣ ያተረፈህ መቅረትህ ነው» ብሎ ይማራል። በማግሥቱ ፍርሃቱ ይጨምራል። ደብተሩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጓደኞቹ «የት ጠፋህ?» ይሉታል፣ ያ ራሱ ሌላ ፍርሃት ይሆናል። ስለዚህ «እስኪሻለው ቤት ይቆይ» የሚለው ነገር ርኅራኄ ቢመስልም ልጁን አይጠቅመውም። ጎትቶ ሰርቪስ ውስጥ መጨመርም እንደዚያው። መሐሉ ጥቂት በጥቂት መመለስ ነው።

ለዚህ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ያስፈልግሻል፤ የታይፎይዱን ነገር አሁኑኑ ተይው። ልጁን ሳትይዢ ብቻሽን ሂጂ፤ የሰልፍ ሰዓት ሳይሆን ግቢው ጸጥ ሲል። ዩኒት ሊደሩንና የሆም ሩም መምህሩን አንድ ላይ አናግሪ። «ልጄ ጭንቀት የሚባል ሕመም አለበት፣ ሐኪም እየተከታተለው ነው» ማለት ይበቃል፣ ሌላውን የመናገር ግዴታ የለብሽም። ከሐኪሙ ወረቀት ብትይዢ ጥሩ ነው። ከዚያ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂ። ከሰልፉ በኋላ ይግባ። የሚቀርበው አንድ መምህር በር ላይ ይቀበለው። ሲጨንቀው አሥር ደቂቃ ላይብረሪ ተቀምጦ ይመለስ። «የት ከርመህ መጣህ?» ብሎ ተማሪ ፊት የሚያስቆመው ሰው አይኑር። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ስንት ልጅ መልሳ ቤቱ እንዳስቀረች ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ በፊት ግን በጥር ምን ተፈጠረ? «ለምን አትሄድም?» ብለሽ ፊት ለፊት አትጠይቂው፣ አይመልስልሽም። ጎን ለጎን ስትሄዱ ወይም ሽንኩርት እየከተፋችሁ «የቱ ሰዓት ነው የሚብሰው?» በይው። ሰልፉ ነው? ሽንት ቤቱ ነው? ሰሌዳ ላይ መውጣቱ ነው? ወይስ ሰርቪሱ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ልጆች? የሚመታው፣ የሚያስፈራራው ወይም የሚነካው ሰው ካለ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ያ ሰው ይቁም፣ መመለሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቤት በሚውልበት ቀን ቤቱ አሰልቺ ይሁን። እስከ ትምህርት መልቀቂያ ሰዓት ስልክ የለም፣ ቲቪ የለም፣ ጌም የለም። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ተናደሽም አትንገሪው። ደግሞ ጠዋት ጠዋት አትለማመጪው። የእህቴ ልጅ እኔ ጋ በነበረ ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ ስለምነው ነበር፣ እሱ ይብስበታል፣ እኔ ላለቅስ እደርሳለሁ። በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀረሁ። «እንደጨነቀህ አውቃለሁ። በአንድ ሰዓት ተኩል እንወጣለን።» ከዚያ ሻይ ላፈላ እሄዳለሁ።

ስለ እናትሽ፤ ከሳቸው ጋር አትጣዪ። ጸበል መሄዱን የሚከለክል ሐኪም ብዙም አላየሁም፤ ቅዳሜና እሑድ ይሂድ። ግን ጸበል ነው ተብሎ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፤ ጾም ከሆነም የሚወሰድበትን ሰዓት ሐኪሙን ጠይቂ። ወር ሙሉ ጸበል ቦታ ተቀምጦ ከርሞ ቢመጣ ደግሞ ያው መቅረት ነው፣ ስሙ ብቻ ተለወጠ። ለጭንቀት በየቀኑ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ለውጣቸው እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በሁለት ሳምንት «አልሠራም» ብለሽ አታቁሚ። ከመድኃኒቱ ጎን የንግግር ሕክምና እንዳለም ጠይቂ፤ ፍርሃቱን ደረጃ በደረጃ እንዲጋፈጥ የሚያለማምደው እሱ ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «መኖር ሰለቸኝ» ካለ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ወይም የሚወደውን ዕቃ ለሰው መስጠት ከጀመረ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂው። አማኑኤል አለ፣ ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እዚህ ከተማ «አማኑኤል» የሚለውን ስም ለስድብ ስንጠቀምበት ስላደግን እግራችን እዚያ በር ላይ ይከብደዋል፤ ይክበደው፣ ግቢ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ 1ዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። 50 ልጅ ያለበትን ክፍል አስቢው። ልጅሽ ብቻውን አይደለም፤ ሌሎቹም እናቶች ታይፎይድ ነው እያሉ ይሆናል።

ሚኒስትሪውን ለጊዜው ከአፍሽ አውጪው። አንድ ዓመት ቢደግም ይደግማል፣ ያን ጊዜ ይታሰብበታል። አሁን የምትፈልጊው እግሩ ግቢውን እንዲረግጥ ነው። በዚህ ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ በሩ ድረስ አብራችሁ በእግር ሂዱና ተመለሱ። ሲለምደው አንድ ክፍለ ጊዜ፣ የሚወደውን ትምህርት ምረጡ። ሰኞ ግን አትጀምሩ፤ ሰኞ ላይ አምስት ቀን ከፊቱ ተደርድሮ ይታየዋል። ሐሙስ ጀምሩ። ሐሙስ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ዓርብ አንድ፣ ከዚያ ቅዳሜ ነው።