ከፋሲካ በኋላ የሚቀዘቅዘው ጸሎት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ቅዳሴ አላስታጉልም፤ ዳዊት እደግማለሁ፤ እሰግዳለሁ። ፋሲካ ሲውል ሁሉም ነገር ይቆማል። በየዓመቱ እንዲሁ ስለሆነ «ልቤን ለእግዚአብሔር አልሰጠሁም» እያልኩ እጨነቃለሁ። በፍጹም ልብ መኖር እንዴት ይቻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም፤ ስግደትም የለም። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንጂ የእርስዎ ስንፍና ስላልሆነ አይጨነቁበት። ሊያሳስብዎ የሚገባው ጸሎቱ አብሮ መቆሙ ነው። በዓለ ሃምሳ ከጾም ያሳርፋል እንጂ ከጸሎት አያሳርፍም።

የሚቆምበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ መጠን ነው። በሁዳዴ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ይጾማል፤ ምሳ ስለሌለ ሰዓት ይተርፋል፤ የጾሙ ድባብ ራሱ ሰውን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ድጋፍ የተጀመረ ሥርዓት ግንቦት ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ተይዞ አለቃ በሚቆጣበት ማክሰኞ፣ አይዘለቅም። ስለዚህ ሥርዓትዎን በሕማማት ሳምንት ሳይሆን በዚያ ማክሰኞ ይለኩት።

መነሻው የዘወትር ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይሁን። ዳዊቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። 150ው መዝሙር እያንዳንዱ ዐሥር መዝሙር በያዘ 15 ንጉሥ ይከፈላል፤ በተለመደው አደራረግ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ሠራተኛ ሰው ይህን በአንድ ጊዜ ልያዘው ሲል ሰኞ 30ውን ይጨርሳል፤ ማክሰኞ ዓይኑ ሰዓት ላይ ነው፤ ሐሙስ ያመልጠዋል፤ ቅዳሜ ያለፈው ዕዳ ሆኖ ይቆየዋል፤ በሳምንቱ ዳዊቱ ከመደርደሪያ አይወርድም።

በቀን ሦስት መዝሙር ይያዙ። ከፋሲካ ዕለት ከጀመሩ በጰራቅሊጦስ፣ በ50ኛው ቀን፣ 150ው ያልቃል። በ40ኛው ቀን፣ በዕርገት፣ ረጅሙ 118ኛ መዝሙር ይደርሳል፤ 176 ቁጥር ስላለውና በ22 የዕብራይስጥ ፊደላት ስለተከፈለ እስከ 11ኛው ፊደል ጠዋት፣ ቀሪውን 11 ማታ ያድርጉት። አንድ ቀን ቢያመልጥዎ በማግስቱ ስድስት አይድገሙ። ካቆሙበት ይቀጥሉ፤ በ51ኛው ቀን ቢያልቅ የሚቆጣዎት የለም። በጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ የሐዋርያት ጾም ሲገባ መጽሐፉ እጅዎ ላይ ስለሚያገኝዎ እንደ አዲስ መጀመር አይኖርብዎትም።

ይህን ሁሉ ለንስሐ አባትዎ ያማክሩ። ሲያማክሩም «አባቴ፣ ብዙ ልጸልይ እፈልጋለሁ» ብቻ አይበሉ፤ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጡ፣ ጉልበትዎን ያምዎት እንደሆነ ይንገሯቸው። ከገዳም መጽሐፍ አንብቦ ሦስት መቶ ስግደት በራሱ ላይ የሚጭን ሰው ወይ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ወይ ይባስ ብሎ ጎረቤቱን መናቅ ይጀምራል።

አሁን ወደ ጭንቀትዎ እንመለስ። ሐናንያና ሰጲራ (ሐዋ. 5) የተወቀሱት መሬታቸውን ሸጠው ጥቂት በማምጣታቸው አልነበረም፤ ገንዘቡ በእጃቸው እያለ የራሳቸው እንደነበረ ጴጥሮስ ራሱ ነግሯቸዋል። ጥፋታቸው ከፊሉን አስቀርተው ሁሉን እንደ ሰጡ መዋሸታቸው ነው። እኛም የልብን ሙሉነት በመዝሙር ቁጥር አንለካውም። ለንስሐ አባትዎ በየዓመቱ ሌላውን ሁሉ ተናግረው የሚዘሉት አንድ ነገር አለ? ያልመለሱት ብድር፣ ሰላም የማይሉት ወንድም? ማቴ. 5፥23-24 መባውን በመሠዊያው ፊት ትተህ በፊት ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ሥራው ከዚያ ይጀምር፤ ዳዊቱ ጎን ለጎን ይሂድ።

ጥያቄ፦ ዓረብ አገር ሰው ቤት እሠራለሁ። የእረፍት ቀን የለኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ዓመት አልፎኛል። ሃይማኖቴን እንደ ተውኩ ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ አይቆጠርብሽም እኅታችን። ዳንኤል በባቢሎን መቅደስ ሳይኖረው በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር (ዳን. 6፥10)። ከሰባቱ የጸሎት ሰዓታት ለአንቺ የሚመቹት ነግህ (የጠዋቱ)፣ ስድስት ሰዓትና የመኝታው ናቸው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አትርሺ፤ ጌታ የተሰቀለበት ስድስት ሰዓት ስልክሽ ላይ ቀትር 12 ነው። ያኔ ዕቃ እያጠብሽም ቢሆን አቡነ ዘበሰማያት በልቡና ይደርሳል።

ረቡዕና ዓርብ የሚያስቸግረው ሩዙ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ወይም በቅቤ ይበስላል። የምታበስዪው አንቺ ከሆንሽ መረቁ ሳይገባ ድርሻሽን ለብቻ ቀቅዪ። ካልሆነ ፉል፣ ምስር፣ ተምር፣ ወይራ አይጠፋም፤ ዳቦው ግን ወተት እንዳይኖርበት እዪ። ሙቀቱና ሥራው ካደከመሽ ጾሙን በራስሽ አታቋርጪ፤ ለንስሐ አባትሽ በስልክ ንገሪያቸውና ያቅልሉልሽ።

ጥያቄ፦ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ቆርቤ ብወድቅስ ብዬ ስለምፈራ እስክጋባ ልቆይ?

መልስ፦ አይቆዩ። ቁርባን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ ነው የሚለው ልማድ እንጂ ትምህርት አይደለም። ንስሐ ይግቡ፤ የተሰጠዎትን ቀኖና ይፈጽሙ፤ ከዚያ ንስሐ አባትዎ ሲፈቅዱ ይቁረቡ። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም። ቁርባኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆነ የመጨረሻው ምግብ ከዋዜማው 9 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ብዙዎች እራት በልተው ተኝተው ጠዋት የሚከለከሉት ይህን ሳያሰሉ ነው። ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ይቁሙ። ቆርበው ከወደቁ ደግሞ ዓመት ሳይጠብቁ በዚያው ሳምንት ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ።